የኤልፒድያ ትኩስ እጅ

ኤልፒድያ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ቁርጭምጭሚቷ ወለም ብሏት ወጌሻ ዘንድ ተወሰደች። ወጌሻዋ እግሯን አሽታ ከጨረሰች በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት የልጅቷን መዳፍ ገልብጣ በሁለት እጆቿ መሐል ያዘችና፣ «እግሯ ይድናል፤ እጇ ግን ትኩስ ነው። የነካችው ቡቃያ ይጠወልጋል፤ ከአትክልት አርቂያት» ብላ እናትየዋን አስጠነቀቀቻት። በዚያው ሳምንት ከወጥ ቤቱ ጀርባ የነበረው ሦስት መደብ ጎመን ደረቀ። ጊዜው የበጋው እምብርት ነበር፤ በከተማቸው በሊሊው በዚያ ወራት ያላጠጡት ጎመን መድረቁ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ጎመኑን ማጠጣት የረሳው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ጥፋተኛዋ አስቀድማ ተገኝታ ነበርና።

በዚያ አገር አነጋገር የሰው ዘር በሁለት ይከፈላል፤ እጀ ቀዝቃዛና እጀ ትኩስ። ታላቅ እህቷ ኮንሶርስያ እጀ ቀዝቃዛ ነበረች፤ እሷ የሰካችው የአጥር እንጨት ሳይቀር ያቆጠቁጥ ነበር። ስለዚህ ታላቅየዋ ወደ አትክልቱ ስትወርድ ታናሽየዋ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ትመለከታለች። ቃሪያ እንኳ እንድትቀጥፍ አልተፈቀደላትም።

ሊሊው የነጠላ ጫማ ከተማ ናት፤ መትከል የተከለከለ ሰው የሚሠራው አያጣም። ኤልፒድያ በአሥራ አራት ዓመቷ ጫማ ቤት ገባች። እዚያ እጇ ነውር አልነበረበትም፤ ደረቅ ቆዳ በመዳፏ ውስጥ ይለዝባል፣ ማስቲሹም ቶሎ ይይዛል። አሠሪዋ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይቺን ልጅ ተመልከቷት፤ ከሰል የማትፈጅ ምድጃ ናት» እያለ ይኩራራባት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ናግካርላን ከምትባለው ጎረቤት ከተማ አንድ ጨዋ ወጣት ለትዳር ፈለጋት። ቤተሰቡ ሰፊ የላንሶኔስ ፍሬ እርሻ ነበረው። ወላጆች ተገናኝተው ነገሩ ሊያልቅ ሲል የልጁ እናት ወሬውን ሰማች። «ሙሽራ እንጂ እሳት ወደ እርሻዬ አላስገባም» አለች፤ በዚሁ ቀረ። ኤልፒድያ ስለዚህ ጉዳይ ለማንም አንዲት ቃል ተንፍሳ አታውቅም። በማግሥቱ ሥራ ገብታ እስከ ማታ አርባ ጥንድ ጫማ ማጣበቋን ግን አሠሪዋ ለብዙ ዓመታት ሲያወራው ኖሯል።

ስልሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት በአባታቸው ቤት ከኮንሶርስያ ጋር ትኖር ነበር። ኮንሶርስያ ባሏ ሞቶባታል፤ ልጇ ሊፓ ከተማ አግብታ ወጥታለች። ቤቱ ለሁለቱ እህቶች ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል፤ የጓዳው መስኮትና የሥራ ጠረጴዛው የኤልፒድያ፣ በረንዳው በሙሉ የኮንሶርስያ። በረንዳው ላይ የተሰቀሉም መሬት የተቀመጡም ከስልሳ የማያንሱ ተክሎች ነበሩ። የሁሉም አለቃ ግን በትልቁ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ የቆመው ባለ ከፋይ ቅጠል ነበር። ቅጠሉ እንደ ጋሻ ሰፊ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፣ ገጹ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ፣ ጅማቶቹም ነጭ ነበሩ። የኮንሶርስያ ባል የጭነት መኪና ሲነዳ በነበረበት ዘመን ከደቡብ ደሴቶች በወተት ቆርቆሮ ይዞላት የመጣ ነው።

ከገና ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ኮንሶርስያ ከጸሎት ቤቱ ደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ልጇ ሊፓ ወስዳ ልታሳክማት መኪና ይዛ መጣች። በሽተኛዋ ተጋድማ መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ ራሷን ቀና አድርጋ እህቷን በቁልምጫ ስሟ ተጣራች።

«ፒዲንግ!»

«አቤት አቴ፣ በጣም ያምሻል?» አለች ኤልፒድያ። ታናሾች ታላቅ እህታቸውን የሚጠሩት እንዲህ ነው።

«የእኔን ተዪውና ስሚኝ። ባለ ከፋዩን እንዳትነኪው።»

«ሳልነካው እንዴት አጠጣዋለሁ?»

«የዕቃ ማጠቢያውን ጓንት አድርጊ። በረጅም አፉ ማጠጫ፣ ከሩቅ።»

«መጠማቱንስ በምን አውቃለሁ?»

«ዐይን አልፈጠረልሽም?» አለች ኮንሶርስያ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፒዲንግ፣ እሱ ከቆመ እኔም እቆማለሁ። እሱ ከወደቀ ግን በዚህ እግሬ ዳግመኛ እንደማልረግጥ ዕወቂው።»

መኪናው ሄደ። ኤልፒድያ ሥርዓት አክባሪ ሴት ነበረችና የታዘዘችውን ሁሉ ፈጸመች። በየማለዳው እስከ ክርን የሚደርሰውን ቢጫ ጓንት ታጠልቃለች፤ ማጠጫውን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆማ ታፈስሳለች። ጎረቤቷ ባልቢና፣ በዕድሜ አሥር ዓመት የምታንሳት፣ አጥሩን ተደግፋ ይህን ትርኢት ማየት የየዕለት ቁርሷ አደረገችው።

«አቴ ፒዲንግ! ሊፈነዳ ነው እንዴ? ፈንጂ የምታመክኚ ነው የምትመስዪው እኮ!»

«አንቺ ወጥሽን አታሳርሪ።»

«ወጤስ አላረረም፤ ያ ተክል ግን ዋና ሊማር ነው።»

ባልቢና ይህን ስትል ቀልዷን ነበር፤ እውነት መናገሯን ግን ራሷም አላወቀችም። በዚያ ወራት ከባናሃው ተራራ የሚወርደው ነፋስ የአፈሩን ፊት ያደርቀዋል፤ ውስጡ ግን ጭቃ እንደሆነ ይቆያል። አትክልተኛ ሁሉ ይህን የሚያውቀው ጣቱን እስከ ሁለተኛው አንጓ ወደ አፈር ሰዶ ነው። ኤልፒድያ ደግሞ ሃምሳ አራት ዓመት የተከለከለችው ይህንኑ ነበር። በዐይኗ አየች፤ ደረቅ መሰላት፤ አጠጣች። በማግሥቱም እንዲሁ።

ገና ሲሆን አንድ ቅጠል ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሌላው። ኮንሶርስያ ከሊፓ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትደውላለች፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋም አንድ ነው።

«ቆሟል?»

«ቆሟል፣ አቴ።»

ልጇ ስልኩን ተቀብላ እያንሾካሾከች፣ «አክስቴ፣ የታዘዘላትን እንቅስቃሴ አልሠራም ብላ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትውላለች። የሚያነሣት የዚያ ተክል ወሬ ብቻ ነው» ትላታለች። ስለዚህ ኤልፒድያ አንድ ቅጠል ብቻ በቀረ ጊዜም «ቆሟል» አለች።

ገና ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጨረሻው ቅጠል መሬት ላይ ተኝቶ ተገኘ። ግንዱን በማጠጫው አፍ ነካ ብታደርገው እንደ በሰለ ሙዝ ሟሸሸ። ያን ቀን ስልኩ ገና ከምሳ በፊት ጮኸ።

«ፒዲንግ! ዛሬ ጠዋት አልጋዬን ይዤ ቆምኩ! በሁለት እግሬ! እሱ ቆሟል አይደል?»

ኤልፒድያ ዐይኗ ማሰሮው ላይ ነበር። «ቆሟል፣ አቴ» አለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ማሰሮውን ጎትታ በሩዝ ጆንያ ላይ ገለበጠችው። የበሰበሰውን አራግፋ ማሰሮውን አጥባ ልትደብቀው አስባ ነበር። ጓንቱ ግን በጭቃው እየተንሸራተተ አላሠራ አላት። ግራና ቀኝ ተመለከተች። ከዚያ ጓንቱን አወለቀች።

አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጣቶቿን ሰድዳ ስትፈረፍረው በበሰበሰው ሥር መሐል ጠጣር ነገር ነካች፤ የጠጠር ያህል፣ ግን ጠጠር ያልሆነ። አወጣችው። ቡናማ ልጣጭ የለበሰ፣ አንድ ጫፉ የሾለ ድቡልቡል ሥር ነበር። ቀጥሎም ሌላ። ኤልፒድያ አትክልት ባትተክልም ጎደሬ ስትልጥ ኖራለችና ምን እንደያዘች ወዲያው ገባት። ጎደሬም በእናቲቱ ዙሪያ እንዲህ ያሉ ልጆች ታወጣለች፤ እናቲቱ ብትነቀል ልጆቹ ይቀራሉ። አሥራ አንድ ቆጠረች። ሁለቱ ሲጫኗቸው ፈሰሱ፤ ዘጠኙ ጠጣሮች ነበሩ።

ለረጅም ጊዜ በመዳፏ ይዛ ተመለከተቻቸው። «ትኩስ እጅ የሚያቃጥለው ቡቃያን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ገና ቡቃያ አይደሉም» አለች ለራሷ፣ እንደ ዳኛ አንቀጽ ጠቅሳ።

ሥሮቹን አጠበች፤ ልጣጫቸውንም በጫማ ቆዳ መቁረጫ ቢላዋዋ ቀስ ብላ አነሣች። ቤት ውስጥ አንድ የአይስክሬም ባልዲ ነበር። በዚያ ሰፈር የአይስክሬም ባልዲ ከፍቶ አይስክሬም ያገኘ ልጅ የለም፤ የሚገኘው ደረቅ ዓሣ ነው። ዓሣውን አውጥታ ባልዲውን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበችው፤ በረጠበ የኮኮናት ልጣጭ ጭረት ሞልታም ሦስቱን ለሙከራ ቀበረች። የቀሩትን ስድስት እስኪጠፈጥፉ በሰሐን አድርጋ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ቀናት አለፉ፤ የጫማ ትእዛዝ በዛባትና ሰሐኑን ዘነጋችው።

እሑድ ዕለት ባልቢና፣ «ዛሬ እኔ ላብስልሽ፤ አንቺ ጫማሽን ጨርሺ» ብላ ገባች። በሮቃ ፍሬ የጎመዘዘ የዓሣ ሾርባ ሠራች። በእነሱ ዘንድ ሾርባው እንዲወፍር ጎደሬ ይገባበታል፤ ባልቢናም በሰሐን ተላጥቶ የተቀመጠ አገኘች። ቀድማ የቀመሰችውም እሷ ነበረች።

«አቴ ፒዲንግ፣ ይሄ ጎደሬሽ ደግሞ ምነው እንዲህ ኮስ...» አለችና ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ምላሴ! ወይኔ ምላሴ!»

«የምን ጎደሬ?» አለች ኤልፒድያ ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ። ከዚያ ባዶውን ሰሐን አየች።

የዚያ ተክል ሥር ጉሮሮ እንደ ሳማ ይለበልባል። ባልቢና በስኳር ውሃ ብትጉመጠመጥ፣ በረዶ ብትጎርስ፣ ከንፈሯ አብጦ ቃል ማውጣት አቃታት። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ባልቢና ዝም ያለችበት ከሰዓት በኋላ ያ ብቻ ነው። ኤልፒድያ መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ማሰሮውን፣ ስልኩን፣ የኮንሶርስያን እግርም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

ምላሷ ሲመለስላት የባልቢና የመጀመሪያ ቃል፣ «ሰው እንዴት የአበባ ዘር በሰሐን ያስቀምጣል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን፣ «ሌላ እንግዛ። ከላይኛው መንገድ አበባ ሻጮች ዘንድ ልክ እሱን የሚመስል አይቻለሁ። ማን ያውቃል?» ነበር።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ኤልፒድያ። «አንድ ውሸት ይበቃኛል፤ ሥር ያለው ሌላ ውሸት በረንዳው ላይ አላቆምም።»

በማግሥቱ ባልቢና ስልኳን ይዛ መጣች። በደቡቡ ዳቫዎ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት እንዲህ ያሉትን ሥሮች በቤቱ ሲያበቅል የሚያሳይ ቪዲዮ አግኝታ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመለከቱ። የሾለው ጫፍ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ኤልፒድያ አንዱን ገልብጣ መቅበሯን ያን ጊዜ ተረዳች። ክዳኑ ይዘጋ፤ እርጥበቱ እንዳይወጣ። ጭረቱ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ።

«ከሁሉም በላይ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል» አለ ወጣቱ። «በቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጣችኋቸው ይተኛሉ፤ ብዙ ሰው ሞቱ ብሎ የሚጥላቸው ለዚህ ነው። የሚቀሰቅሳቸው ሙቀት ነው።»

«ድገሚልኝ» አለች ኤልፒድያ።

ባልቢና ደገመችላት።

«አሁንም።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲጨርስ ኤልፒድያ ሁለት መዳፎቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ፣ የሌላ ሰው ይመስል፣ ትመለከታቸው ነበር።

በጓዳው፣ ከሥራ ጠረጴዛዋ ጎን፣ ማስቲሽ የተቀባ ሶል የምታሞቅበት ባለ አምፖል ሣጥን ነበር። ባልዲውን ከሣጥኑ ክዳን ላይ አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍታ ታያለች፤ በጣቷም ጭረቱን ነክታ እርጥበቱን ትለካለች። ባልቢና ዐይኗን ታፈጥባታለች።

«ዶሮ እንኳ እንቁላሏን እንዲህ አትገላልጥም፣ አቴ!»

«ዶሮ ታላቅ እህት የላትም።»

ተገልብጦ የነበረው በሰበሰ። የቀሩት ሁለቱ ለአራት ሳምንት ምንም አላሳዩም። በስልኩ ያለችው ኮንሶርስያ ከአልጋ እስከ በር ደረሰች፤ ከበር እስከ ወጥ ቤት። «ቆሟል?» «ቆሟል።» ቃሉ በየቀኑ ለኤልፒድያ እየከበደ ይሄድ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን አንድ ጠዋት ክዳኑን ስታነሣ ከአንደኛው ሥር ጫፍ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር ወጥታ አገኘች። ኤልፒድያ አልጮኸችም። ክዳኑን ቀስ ብላ ከደነችና ሥራዋን ቀጠለች፤ እስከ ምሳ ድረስ ግን የግራ ጫማ ሶል ከቀኝ ቆዳ ጋር ስታጣብቅ ዋለች።

ያን ቀን ስልኩ ሲጮህና «ቆሟል?» ስትባል፣ «ቀና ብሏል፣ አቴ» ብላ መለሰች። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ እውነት ነበር።

ኮንሶርስያ በሆሳዕና ዋዜማ ተመለሰች። ባለ አራት እግር መደገፊያዋን እየገፋች፣ ልጇ ክንዷን ልትይዝ ስትል በክርኗ እየመለሰቻት፣ ቀጥታ ወደ በረንዳው ወጣች። ባልቢና ለማግሥቱ በዓል የተጎነጎነ ዘንባባ ታቅፋ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ትልቁ ማሰሮ በቦታው ነው። መሐሉ ላይ ግን ከጣት የማትበልጥ ተክል ሁለት ቅጠል ዘርግታ ነበር፤ አንዱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ሁለተኛው የሕፃን መዳፍ ያህል ሆኖ ነጭ ጅማትና ገና የሚጀምር ከፋይ አለው። ከጎኗ ሁለተኛው ሥር በጫፉ ብቻ ይታያል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ኮንሶርስያ።

«እሱ ነው።»

«እሱ እስከ ወገቤ ይደርስ ነበር።»

«የእሱ ልጅ ነው። እሱ ሞቷል፣ አቴ። አብዝቼ አጠጥቼ ገደልኩት። ቆሟል ያልኩሽ ውሸቴን ነው።» ኤልፒድያ ይህን ለሳምንታት ስታጠናው ቆይታ ነበርና በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ባልቢና በዘንባባው ውስጥ ፊቷን ሸሸገች።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ገና ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት።»

ኮንሶርስያ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። «እኔ አልጋዬን ይዤ የቆምኩት ያን ማክሰኞ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በማን እግር ስሄድ ኖርኩ?»

«በራስሽ ነዋ!» አለች ባልቢና ከደረጃው።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ኮንሶርስያ ወደ መደገፊያዋ፣ ከዚያም ወደ ራሷ እግሮች ተመለከተች። ቀጥላ ወደ እህቷ ዞረች። «በጓንት ነው የተከልሽው?»

«ያለ ጓንት።»

«እጅሽን አምጪ።»

ኤልፒድያ ሰጠቻት። ኮንሶርስያ መዳፏን ገልብጣ፣ ልክ ወጌሻዋ እንዳደረገችው፣ በሁለት እጆቿ መሐል ያዘችው። ብዙ ቆየች።

«ትኩስ ነው።»

«ሁልጊዜም ትኩስ ነው፣ አቴ።»

«ጎመኑን» አለች ኮንሶርስያ፣ ቀና ሳትል። «ያን ሳምንት ጎመኑን እንዳጠጣ እናታችን ያዘዘችው እኔን ነበር። ረሳሁት። ከዚያ ሁሉም በአንቺ ሲያሳብብ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ።»

ሃምሳ አራት ዓመት ባንዴ የሚዋጥ ነገር አይደለም፤ በውስጡ የናግካርላን የላንሶኔስ እርሻም አለ። ኤልፒድያ እጇን አልነጠቀችም፤ አልጨበጠችም።

በመጨረሻ ኮንሶርስያ ለቀቀቻት፤ በአገጯም ማሰሮውን አመለከተች። ድምፅዋ የቀድሞው፣ ትእዛዝ የለመደው ድምፅ አልነበረም። «ውሃ ይፈልግ እንደሆነ እዪልኝ።»

«በዐይኔ?»

«በእጅሽ።»

ኤልፒድያ አጎንብሳ ጣቷን ከትንሿ ተክል ጎን ወደ አፈሩ ሰደደች፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ። ከላይ ደረቅ ነበር። ከሥር ግን ለስላሳ፣ ርጥብ፣ ልክ የሚገባውን ያህል ነበር።

«አይፈልግም» አለች።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ደግሞ እዪልኝ» አለች ኮንሶርስያ፤ መደገፊያዋን አዙራም ረጅም አፉን ማጠጫ በእግሯ፣ በተሰበረው በኩል ባለው እግሯ፣ ወደ ጥግ ገፋችው።

ኤልፒድያ ጣቷን ከአፈሩ ለማውጣት አልቸኮለችም።